አብሮት የመጣውን ፕሮግራም ተዉትና ሞደሙን ራሱን አናግሩት

ሦስት ወር ስለሠራሁበት አንድ የዩኤስቢ ሞደም ልንገራችሁ። ከፍላሽ ትንሽ ወፈር ይላል፣ ሲም ካርዱ በጎኑ ይገባል። ብዙ ሰው የሚገዛው ለኢንተርኔት ነው። እኔ ግን የፈለግኩት ኮምፒውተሬ ቴክስት እንዲልክልኝ ነበር። አንድ ትንሽ ክሊኒክ ለታካሚዎቹ ከቀጠሯቸው አንድ ቀን በፊት በአማርኛ ማስታወሻ መላክ ፈልጎ ሥራው ለኔ ደረሰ።

መጀመሪያ መጥፎውን ልናገር። አብሮት የመጣው ፕሮግራም አይረባም። ለመከፈት ይንቀራፈፋል፣ ተቀባይ የሚያስገባው አንድ በአንድ ነው፣ ከኤክሴል ስም ዝርዝር አይቀበልም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ አማርኛ ስጽፍለት ተቀባዩ ስልክ ላይ የደረሰው የጥያቄ ምልክት ብቻ ነበር። አንድ ገጽ ሙሉ ???። በዚያው ቀን ልመልሰው ከጫፍ ደርሼ ነበር።

ያልመለስኩት ጥፋቱ የሞደሙ እንዳልሆነ ስለገባኝ ነው። ሞደሙ ሲሰካ ለኮምፒውተሩ ሲሪያል ፖርት (መረጃ በተራ የሚገባበትና የሚወጣበት በር) ሆኖ ይታያል፣ በኔው ሦስት ፖርት ነው ያለው። አንዱ ለኢንተርኔት፣ አንዱ ለምርመራ፣ አንዱ ትዕዛዝ ለመቀበል። ሊኑክስ በሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ መጀመሪያ ሲዲ መስሎ ሊመጣባችሁ ይችላል፣ አትደንግጡ፣ ዩኤስቢ ሞድስዊች የሚባለው ፕሮግራም ወደ ሞደምነቱ ይመልሰዋል። ከዚያ ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍታችሁ በትዕዛዝ ፖርቱ ግቡና ሁለት የላቲን ፊደል ጻፉ፦ ኤቲ (AT)። ኢንተር ስትሉ ሞደሙ ኦኬ ብሎ ይመልሳል።

ያቺ ኦኬ በጣም ነው ደስ ያለችኝ። ኤቲ ማለት «ልብ በል» እንደማለት ነው፣ የመጣውም ሄይዝ የሚባለው ኩባንያ በ1981 እ.ኤ.አ. ካወጣው ስማርትሞደም ነው። ያኔ ፍጥነቱ በሰከንድ 300 ቢት ነበር። ዛሬም ኮምፒውተርና ብዙዎቹ የሞባይል ሞደሞች የሚነጋገሩት በዚያው ቋንቋ ነው፣ የሞባይል ደረጃ አውጪዎች ቴክስቱን፣ ሲም ካርዱንና የኔትወርኩን ጉዳይ ጨመሩበት እንጂ መሠረቱን አልነኩትም። ስለዚህ እዚህ የተማራችሁት ነገር ይሄን ቋንቋ ወደሚያውቅ ሌላ ሞደም ስትቀይሩ አብሯችሁ ይሄዳል።

ለምሳሌ ኤቲ ሲኤስኪው (AT+CSQ) ብላችሁ ብትጠይቁት የሲግናሉን ጥንካሬ ከ0 እስከ 31 ባለው ቁጥር ይነግራችኋል፣ 99 ካለ አላወቅኩትም ማለቱ ነው። የኔው ጠረጴዛው ሥር ሆኖ 7 አለኝ። በማራዘሚያ ገመድ መስኮቱ ጋ ሳስቀምጠው 19 ገባ። አብሮት የመጣው ፕሮግራም የሚያሳየው የሲግናል መስመር ግን ሁለቱም ቦታ ላይ ያው ነበር!

አሁን ወደ አማርኛው። አንድ ቴክስት የሚይዘው 140 ባይት ነው፣ አንዱ ባይት 8 ቢት ነው። ላቲን ፊደል በ7 ቢት ስለሚታሸግ 160 ይገባል፣ የኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ ሁለት ባይት ስለሚወስድ 70 ብቻ። ሞደሙን ዩሲኤስ2 ወደሚባለው አጻጻፍ መቀየር አለባችሁ፣ ከዚያ በኋላ ፊደል ሳይሆን የፊደሉን ቁጥር ነው የምትሰጡት። «በሉ» ለመላክ 12601209 ትላላችሁ፦ 1260 በ ነው፣ 1209 ሉ። እኔን ግማሽ ቀን ያቃጠለኝ ሌላ ነው፣ በኔው ሞደም የተቀባዩ ስልክ ቁጥርም እንደዚሁ መቀየር ነበረበት፣ 0 ሲሆን 0030፣ 9 ሲሆን 0039 እየተባለ። ይሄን ሳላውቅ መልዕክቱን ስንት ጊዜ መላልሼ ጻፍኩት፣ እሱ ግን ስህተት አልነበረበትም።

ክሊኒኩ የሰጠኝ ጽሑፍ «ውድ ደንበኛችን» ብሎ ጀምሮ 90 ፊደል ያህል ይሄድ ነበር። ከ70 ካለፈ ለሁለት ይከፈላል፣ ሂሳቡም የሁለት ነው። ስለዚህ እንዲህ አሳጠርነው፦ «ነገ ጠዋት ቀጠሮ አለዎት። ካልተመቸዎት በዚህ ቁጥር ይደውሉ።» ባዶ ቦታውና አራት ነጥቡ ተቆጥሮ 38 ነው። እንደኔ ከሆነ ለአንባቢውም ይሄኛው ይሻላል።

አንድ ችግር ግን ገጥሞኛል። በሁለተኛው ሳምንት ታካሚዎች የሚመልሱት ቴክስት መግባት አቆመ። መላኩ ይሠራል፣ መቀበሉ የለም። ለካ የመጡት መልዕክቶች ሲም ካርዱ ላይ እየተጠራቀሙ ሞልቶ ነው። ሲም ላይ ያለው ቦታ ጥቂት ነው፣ እያነበባችሁ ማጥፋት የናንተ ኃላፊነት ነው፣ ሞደሙ በራሱ አያጠፋም። ቀጠሮ አይመቸኝም ያሉ ሰዎች መልስ ሳያገኙ መቅረታቸው እስካሁን ይቆጨኛል።

ትዕዛዝ በእጅ መጻፍ የማይፈልግ ሰው ጋሙ የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር ይጫን። እኔም አሁን በሱ ነው የምሠራው። ከበስተጀርባ ይሮጣል፣ የሚላከውን ከዳታቤዝ ያነሳል፣ የመጣውን አስገብቶ ከሲሙ ያጠፋል፣ ፊደል ወደ ቁጥር መቀየሩንም ራሱ ይጨርሰዋል። ሊኑክስ ከሆናችሁ ሌላ ፕሮግራም ፖርቱን ቀድሞ እንዳልያዘው አረጋግጡ፣ ሁለት ፕሮግራም አንድ ፖርት ላይ ከተሻሙ መልሱ ይቆራረጣል።

ታዲያ ይገዛ ወይ? በቀን መቶ ምናምን ቴክስት ለሚልክ ሰው አዎ፣ ዓይኔን ሳላሽ። በሺህ የሚቆጠር ለሚልክ አይሆንም፣ አንዷ መልዕክት እስክትሄድ ጥቂት ሰከንድ ትፈጃለች፣ እዚያ ላይ ከቴሌኮም ድርጅቱ ጋር በቀጥታ መገናኘት ይሻላል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ኤቲ ትዕዛዝ ይቀበላል? አንዳንዶቹ አዳዲስ ሞደሞች ለኮምፒውተሩ የኔትወርክ ካርድ ሆነው ብቻ ነው የሚታዩት፣ የትዕዛዝ ፖርት የላቸውም። ሻጩ ካላወቀ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሰክታችሁ ሞክሩት፣ ኦኬ ካላለ አትውሰዱት።