ያገለገለ የስኩባ ታንክ ልትገዙ ነው? ትከሻው ላይ የተመታውን ሳታነቡ እንዳትከፍሉ

ወገን፣ በተለይ አሜሪካ ሆናችሁ ዳይቪንግ የጀመራችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ከሰው ጋራዥ ታንክ፣ ማለትም ውሃ ሥር የምንተነፍሰው አየር ታምቆ የሚሞላበትን ሲሊንደር፣ እንዳትገዙ። እኔ ስድስት ታንክ በ420 ዶላር ገዝቼ ለሥራ የዋለልኝ አንዱ ብቻ ነው። ገንዘቡ ይቅር። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጆቼ ከሚተኙበት ክፍል ሥር ምን አስቀምጬ እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በጋ ሲሆን የሰመጡ መርከቦች ለማየት ወደ ኖርዝ ካሮላይና እንወርዳለን። ሁልጊዜ ታንክ መከራየት ሰለቸኝና የራሴን ላደርግ አሰብኩ። አንድ ሰውዬ «ጋራዤን እያጸዳሁ ነው፣ ስድስት ታንክ፣ ሁሉም ተመርምሯል፣ አየር እንደሞላባቸው ናቸው» ብሎ ኢንተርኔት ላይ ለጥፎ አየሁ። አዲሱ የአሉሚኒየም ታንክ አንዱ ብቻውን ከ200 ዶላር በላይ ነው፣ ስለዚህ ዋጋው ያጓጓል። ሄድኩ። አራቱ አሉሚኒየም ናቸው፣ ቢጫ ተቀብተው ያብረቀርቃሉ። ሁለቱ ብረት ናቸው። ሁሉም ላይ የዓመቱ የምርመራ ስቲከር ተለጥፏል። «ያስቀባኋቸው የመኪና ቸርኬ የሚቀቡ ልጆች ጋ ነው፣ እንዴት እንዳማሩ አየህ?» አለኝ። እኔም እውነትም አምረዋል አልኩ። ጭኜ ወደ ቤት።

ሦስት ሳምንት ጋራዥ ውስጥ ቆዩ። ከዚያ ለጉዞ ስዘጋጅ አንዳንዶቹ ትንሽ ቀንሰው ስላየኋቸው ላስሞላቸው ወደ ዳይቪንግ ሱቅ ወሰድኳቸው።

የሱቁ ቴክኒሻን በዕድሜ ገፋ ያለ ሰው ነው። ስቲከሩን ዞር ብሎም አላየውም። ቀጥ ብሎ ወደ ታንኩ ትከሻ፣ ከአንገቱ በታች ወዳለው ክብ ክፍል፣ ጎንበስ አለ። ቀለሙ ከመወፈሩ የተነሳ ብረቱ ላይ የተመታውን ፊደልና ቁጥር ደፍኖታል። መጀመሪያ በጥፍሩ ሞከረ፣ እምቢ ሲለው ትንሽ ብሩሽ አምጥቶ ፈገፈገው። 5 እና 84 የሚል ወጣ። ግንቦት 1984 ማለት ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ሁለተኛው ላይም 84። ሦስተኛው 86። ቀና ብሎ አየኝና «እነዚህን ማን ሞላልህ?» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ብዙዎቻችን የማናውቀው ይህን ነው። እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ድረስ ብዙ የአሉሚኒየም ታንክ የሚሠራው 6351 ከሚባል ቅይጥ ነበር። ይህ ቅይጥ ግፊት ተሸክሞ ለዓመታት ሲቆይ አንገቱ ውስጥ፣ ቫልቩ የሚጠመዘዝበት ጥርስ አካባቢ፣ ቀስ እያለ ይሰነጠቃል። ከውጭ አይታይም። ሲሞሉ ፈንድተው ሰው ያቆሰሉና የገደሉ ታንኮች አሉ። ለዚህ ነው ከ2007 ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት እነዚህ ታንኮች በየ5 ዓመቱ ሲፈተሹ አንገታቸው በተለየ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ለስንጥቅ እንዲታይ ያስገደደው። ፍተሻውን ቢያልፉ እንኳ ብዙ ሱቅ አይሞላቸውም። አሁን የሚሠራው ከ6061 ነው፣ እሱ ይህ ችግር የለበትም። ከኔ ሦስቱ አንዱ ፍተሻ ላይ ስንጥቅ ተገኘበት። ቴክኒሻኑ ማኅተም አንስቶ፣ ዳግም እንዳይሞላ ቁጥሩ ላይ ኤክስ ኤክስ እያደረገ መታበት። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ለማነጻጸር ያህል፣ የመኪና ጎማ የሚነፋው ወደ 32 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ነው። የተለመደው የአሉሚኒየም ታንክ የሚሞላው 3000 ነው። አዲስ አበባ እናቶቻችን የቡታጋዝ ሲሊንደር ከምድጃው ራቅ አድርጉ እያሉ ስንት ይጮሁብን ነበር! የሱ ግፊት ከዚህ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። እኔ ደግሞ ይህን ሙሉውን፣ የተሰነጠቀውን፣ ከልጆቼ አልጋ ሥር አሳድሬዋለሁ።

አራተኛው ቢጫ አዲሱ ቅይጥ ነው፣ ተርፏል ብዬ ነበር። የጨረሰው ቀለሙ ነው። የቸርኬ ቀለም ዱቄት ነው፤ ይረጭና ምድጃ ውስጥ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይጋገራል። የአሉሚኒየም ታንክ ጥንካሬውን ያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በተመጠነ ሙቀት ስለሆነ፣ ከ176 ዲግሪ በላይ እንደገና ከሞቀ ይለሰልሳል፤ ያኔ መጣል ነው ያለበት። ከውጭ ስታዩት ግን እንደ ሙሽራ አምሯል። ቴክኒሻኑ ከሥር ያለውን የፕላስቲክ ጫማ በጉልበት ሲያወልቀው ደግሞ ነጭ እርጥብ ዱቄት ዱብ ዱብ አለ። የባሕር ጨው እዚያ ውስጥ ተቀምጦ አሉሚኒየሙን ሲበላው ከርሟል። ታንክ ከባሕር ሲወጣ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፣ ጫማው ወልቆ ካልደረቀ እንዲህ ነው የሚሆነው።

ከሁለቱ ብረቶች አንዱ ለመጨረሻ ጊዜ በውሃ ግፊት የተፈተሸው 2009 ነው። ቫልቩን ፈትቶ ገልበጥ ሲያደርገው ነጭ ወረቀቱ ላይ ቡናማ ዝገት ፈሰሰ፣ ልክ እንደ በርበሬ። ዝገት ብረቱን ማሳሳቱ አንድ ነገር ነው፤ ታንኩ ውስጥ ያለውን ኦክስጅንም ይበላል። ለዓመታት ተሞልቶ የቆየ፣ ውስጡ የረጠበ የብረት ታንክ ለመተንፈስ አይበቃም፤ አየር መስሏችሁ ታች ገብታችሁ ራሳችሁን ልትስቱ ትችላላችሁ። ሁለተኛው ብረት ብቻ አለፈ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሻጩን ደወልኩለት። «ስቲከር አለው አይደል እንዴ» ብሎ ስልኩን ዘጋ፣ ከዚያ ብሎክ አደረገኝ። ስቲከሩ ኢንተርኔት ላይ የሚገዛ ነገር ነው። ማን እንደመረመረ አልተጻፈበትም።

ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ትከሻውን አንብቡ። መብራት ያዙ። አምራቹ፣ መለያ ቁጥሩ፣ መጀመሪያ የተፈተሸበት ወርና ዓመት፣ ከዚያ ወዲህ በየ5 ዓመቱ የተፈተሸበት ምልክት እዚያው ብረቱ ላይ ተመቶ መኖር አለበት። ወረቀት ወይም ስቲከር እሱን አይተካም። አሉሚኒየም ሆኖ ከ1990 በፊት የተሠራ ከሆነ በነጻም ቢሰጧችሁ አትቀበሉ፣ ይህ የኔ አቋም ነው። ቁጥሩ በቀለም ከተደፈነ ተመለሱ። እንደገና የተቀባ ከሆነ የት፣ እንዴት ብላችሁ ጠይቁ። «እንደሞላ ነው» ሲሏችሁ ደስ እንዳይላችሁ። ይልቅ ሻጩን ይዛችሁ ሱቅ ሂዱና እዚያ ይከፈት፣ ውስጡ ይታይ። እምቢ ካለ መልሱን አገኛችሁ። አውሮፓ ወይም ዱባይ ያላችሁ ደግሞ ቫልቭ ከሌላ ታንክ አውጥታችሁ እንዳትቀያይሩ። የ25 ሚሊ ሜትሩ እና የሦስት ሩብ ኢንቹ ጥርስ ተመሳስለው ይገባሉ፣ የገጠሙ ይመስላሉ፣ ሲሞላ ግን ቫልቩ እንደ ጥይት ይወጣል።

ቤታችሁ ታንክ ያላችሁም ዛሬ ሄዳችሁ እዩት። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ ሙሉ አታድርጉት፣ ባዶም አታድርጉት። 200 ፒኤስአይ አካባቢ ትታችሁ ቫልቩን ዝጉ፤ ያኔ እርጥበት አይገባም። አቁሙት፣ እንዳይወድቅ እሰሩት፣ ከውሃ ማሞቂያና ከፀሐይ አርቁት። በየዓመቱ ውስጡ ይታይ። ማስወጣት ካለባችሁ ቫልቩን ቀስ አድርጋችሁ ክፈቱ እንጂ ባንዴ አትልቀቁት።

ይህን የምጽፈው ሻጩ ባለፈው ሳምንት እንደገና ስለለጠፈ ነው። «ጋራዤን እያጸዳሁ ነው፣ አምስት ታንክ፣ ሁሉም ተመርምሯል።» አምስቱም ቢጫ ናቸው። የትከሻቸው ፎቶ የለም።