ጭንቅላቱን የተመታ ቤተሰብ ላላችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች፦ አንድ ፊዚዮቴራፒስት (በአካል እንቅስቃሴ የሚያክም ባለሙያ) ልጠቁማችሁ

ታናሽ ወንድሜ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ከሞተር ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ። ነፍሱ ተረፈች፣ አልሐምዱሊላህ። ከሆስፒታል የወጣው ልጅ ግን እኛ የምናውቀው አልነበረም። ዝምተኛው ልጅ በትንሽ በትልቁ ይቆጣል። ጠዋት ያወራነውን ከሰዓት አያስታውስም። ቀኝ እጁና እግሩም አልታዘዝ አሉት።

ያልሄድንበት የለም። አንዱ ጋ "ሲቲ ስካኑ ንጹህ ነው፣ ምንም የለውም" አሉን። ምንም የሌለው ልጅ የእናቱን ረከቦት በእርግጫ ይመታል? ሌላው ጋ ደግሞ "6 ወር ካለፈው ለውጥ አትጠብቁ፣ ገንዘባችሁን አትጨርሱ" ብለው ሸኙን። እሱ እዚያው ቁጭ ብሎ እየሰማ! ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል። ጎረቤቱ "ጂን ነው" ይላል። የእማ ሥራ ማልቀስ ሆነ።

በኋላ በሰው ጥቆማ ይህን ፊዚዮቴራፒስት አገኘነው። የሚሠራው ደሴ ነው። ከሥራ ሲወጣ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ቤታችን ድረስ ይመጣል።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። ገብቶ እንደተቀመጠ ወንድሜን "ምን እንጠጣ? ቡና ወይስ ሻይ?" አለው። ወንድሜ ዝም። እማ ልትመልስለት ስትል "ቆዩ እናቴ" ብሎ በእጁ ከለከላት። እኛ ተሳቀቅን፤ እሱ ዓይኑን ከወንድሜ ሳይነቅል ጠበቀ። ከብዙ ቆይታ በኋላ "ሻይ... ቅርንፉድ ያለው" አለ ወንድሜ። እማ ወደ ጓዳ ሮጠች። ከአደጋው ወዲህ እሱን ራሱን የጠየቀው ሰው አልነበረማ! ሁሉም የሚጠይቀው እኛን ነበር።

የሚያሠራው እንቅስቃሴ ብዙም አይገባኝም። የገባኝን ልንገራችሁ። ሲቲ ስካን ንጹህ ቢሆንም አንጎል ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። በግንባር በኩል ያለው ክፍል ሲጎዳ ሰው ቁጣውን መግታት ያቅተዋል፤ ባለጌ ሆኖ አይደለም። ጫጫታ ያደክመዋል። ስለዚህ ቴሌቪዥኑን ዝጉ፣ ተራ በተራ አውሩ። ለውጡም ከዓመታት በኋላ ሊቀጥል ይችላል። ይህን ሁሉ ለእማ "አብሽሩ" እያለ ደጋግሞ ያስረዳታል፣ አይሰለችም።

ዛሬ ወንድሜ ከዘራ ይዞ፣ የሚገዛውን ወረቀት ላይ ጽፎ ሱቅ ይሄዳል። አሁንም ይረሳል፣ አሁንም ይናደዳል። ሲበርድለት ግን እማን ይቅርታ ይጠይቃል።

እባካችሁ ጥሩት። "ምንም የለውም" ተብላችሁ የተመለሳችሁ በተለይ፣ ጥሩት! በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኩን እልካለሁ። በክፍያም አያስጨንቅም።

አንተም ይህን ካየኸው፣ አላህ ልጆችህን ያሳድግልህ። እማ በየሶላቷ ዱዓ ታደርግልሃለች።