ክላስ ቢ ወይስ ክላስ ሲ፦ የሁለት ሞተርሆሞች የውስጥ አቀማመጥ
በአሜሪካ ገበያ ከሚሸጡት ሞተርሆሞች (መኝታ፣ ወጥ ቤትና መጸዳጃ ያላቸው የጉዞ መኪኖች) መካከል ክላስ ቢ እንደ ፎርድ ትራንዚት ባለ ቫን አካል ውስጥ የሚደራጅ ሲሆን፣ ክላስ ሲ ግን ከሾፌሩ ክፍል በስተኋላ ለብቻው የተሠራ ሰፋ ያለ ቤት የሚጫንበት ነው። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በመታጠቢያ ቤቱ ነው። በብዙዎቹ ክላስ ቢዎች ሻወሩና መጸዳጃው አንድ ጠባብ ክፍል ስለሚጋሩ፣ አንድ ሰው ገላውን በታጠበ ቁጥር መቀመጫውም ወለሉም ይርሳል፤ ቀጥሎ የሚገባው ወይ መወልወል ወይ እርጥበቱን መታገሥ ግድ ይሆንበታል። በክላስ ሲ ሻወሩ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው የተከለለ ነው።

መኝታን በተመለከተ፣ ክላስ ሲ አብዛኛውን ጊዜ ከሾፌሩ በላይ የተዘረጋ አልጋ ስላለው ልጆች ላሏቸው ይመቻል፤ የክላስ ቢ የኋላ ሶፋ ግን ማታ ተዘርግቶ ከሁለት ሰው በላይ እምብዛም አያስተኛም። ብዙዎቹ ክላስ ሲዎች ሲቆሙ ወደ ውጭ የሚገፋ ግድግዳ ስላላቸው ወለላቸው ይሰፋል፤ ሆኖም ግድግዳው ሲመለስ መተላለፊያው ሊዘጋ ስለሚችል፣ ገዢው በዚያ ሁኔታ ፍሪጁና መጸዳጃው ጋ መድረስ መቻሉን መፈተሽ አለበት፤ ሻጭ ግን ግድግዳው ወደ ውጭ እንደተገፋ ማሳየት ይወዳል። ለጥንዶች፣ በተለይ ከተማ ውስጥ ለሚያድሩ፣ ክላስ ቢን እመርጣለሁ።