ኤክስካቫተር ላይ የሃመር (የድንጋይ መስበሪያ) መስመር ለምታስገቡ ሁሉ፣ ከመክፈላችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው ንዴቱ ሳይበርድልኝ ነው። ዛሬ ጠዋት እዚሁ ጅማ ከአንድ ጋራዥ ነው የመጣሁት። ስሙን አልጠራም፤ አይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። «ዕቃው ኦሪጅናል ነው፣ ከአዲስ አበባ ነው ያስመጣሁልህ» ይላል፣ ግማሹን ቀድሞ ይቀበላል፣ ደረሰኝ ስትጠይቁት «ምን ችግር አለው፣ ሲያልቅ» ይላል።

ባለ 20 ቶን ኤክስካቫተሬ እስካሁን በባኬት ብቻ ነበር የሚሠራው። በአጋሮ መንገድ አንድ ካባ ላይ ሥራ አገኘሁ፤ ድንጋዩ ያለ ሃመር አይነካም። ሃመሩን ገዛሁ፤ ማሽኑ ግን ሃመር የሚነዳበት የሃይድሮሊክ መስመር የለውም። የጋራዡ ባለቤት ቫልቩን፣ ቧንቧውንና ፔዳሉን ሊገጥምልኝ በ380 ሺህ ብር ተስማማን።

የማሽኑ ፓምፕ ከ300 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) በላይ ይገፋል፤ የኔ ሃመር የሚሠራው ከ160 እስከ 180 ባር ነው። ስለዚህ መስመሩ ላይ የግፊት መልቀቂያ ቫልቭ ይገባና ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ ይስተካከላል። ይህን አውቃለሁ። አውቄም ነው የተታለልኩት፣ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

የርክክቡ ቀን የጋራዡ ልጅ ግፊት የሚለካውን ጌጅ ገጠመ። ባለቤቱ ሞተሩን አስነስቶ ፔዳሉን ረገጠና «ና እይ ወንድሜ፣ 200 ላይ ቆመች፣ ከዚህ አታልፍም» አለኝ። አጎንብሼ አየሁ። ቀይዋ መርፌ 200 ላይ ናት። ቀሪውን ብር እዚያው ቆሜ በሞባይል ላክሁለት።

በአራተኛው ቀን ሃመሩ መምታት አቃተው፣ በአንገቱ በኩል ዘይት ተፋ። ሌላ መካኒክ ጠርቼ አስፈተሽኩ። መልቀቂያ ቫልቩ ከካርቶን እንደወጣ ነው የተገጠመው፤ ማስተካከያ ብሎኑን ቁልፍ አልነካውም። የዘይቱ መመለሻ መስመር ደግሞ በቀጥታ ወደ ታንከር መግባት ሲገባው ለማሳጠር ብለው ዋናው ቫልቭ ላይ ቀጥለውታል። ዘይቱ የሚግለውም ለዚህ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ታዲያ ልጠይቀው ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ፣ ከቡና ስኒዎቹ አጠገብ፣ ያ ጌጅ ተቀምጧል። ምንም ነገር ላይ አልተገጠመም። መርፌዋ 200 ላይ ናት።

ዝም ብዬ አየኋት። ያን ቀን ሞተሩ ሳይነሳ አንዴ ዞር ብዬ ባያት ኖሮ እዚያው ቆማ አገኛት ነበር። ከመገጠሙ በፊት ልጁ በእጁ ይዞት ነበር፣ ከኔ አንድ ክንድ አይርቅም። ሃያ ዓመት ከማሽን ጋር ኖሬ ጌጅ ዜሮ ላይ መሆኑን አላየሁም!

«ይቺ ምንድን ናት?» አልኩት። ከስልኩ ቀና ሳይል ጌጁን በግንባሩ ደፋውና «ኦፕሬተርህን ጠይቅ፣ እሱ ነው የገደለው» አለኝ። ልጆቹ ሳቁ። አንዱማ «ጋሼ፣ ቡና ይጠጡ» ብሎ ስኒ ዘረጋልኝ።

የራሳችሁን ጌጅ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሞተር ሳይነሳ ዜሮ ላይ መሆኑን እዩ። የመመለሻውን ቧንቧ እስከ ታንከሩ በእጃችሁ ተከተሉት። ደረሰኝ ሳትይዙ ቀሪውን አትክፈሉ።

ማሽኑ ካባው ላይ ቆሟል፣ የካባው ባለቤት በየቀኑ ይደውላል። ጅማ ውስጥ ሃመር ከፍቶ ሲሉን (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘውን) በትክክል የሚቀይር የምታውቁት ሰው ካለ እባካችሁ ጠቁሙኝ።