በአዳማ የሕክምና ዕቃ መሸጫዎች የሚገኘው የአየር ፍራሽ፦ ከአልጋ ቁስል ምን ያህል ያድናል?

ስትሮክ ያጋጠመው ወይም ዳሌው ተሰብሮ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ያለበት ቤት ሁሉ ቶሎ የሚሰማው ምክር «የአየር ፍራሽ ግዙለት» የሚል ነው። ምክሩ ትክክል ነው። የሚያሳዝነው ፍራሹ ተገዝቶ፣ ተነፍቶ፣ ፓምፑም ሌት ተቀን እየሠራ የታማሚው ወገብ ሥር መቁሰሉ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከአጠቃቀም ይመጣል። አንዳንዴ ግን ከዕቃው ነው፤ በተለይ ርካሹ ዓይነት ለአዳማ ሙቀትና ለመብራታችን አይመችም።

በብዛት የሚሸጠው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እንደ እንቁላል መያዣ ካርቶን ጉብ ጉብ ያሉ ብዙ ትንንሽ ኪሶች ያሉት ስስ ፍራሽ ነው፤ ሲነፋ ከፍታው ከ6 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ሌላው በአልጋው አግድም የተደረደሩ ወፋፍራም ቱቦዎች ያሉት ሲሆን 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ይነሣል። አሠራራቸው አንድ ነው፦ ፓምፑ ግማሾቹን ሲሞላ ግማሾቹን ያስተነፍሳል፣ ከደቂቃዎች በኋላ ይቀያይራቸዋል። እንዲህ ሲሆን በአጥንትና በፍራሽ መካከል የሚጨመቀው ቆዳ በየተራ ደም ያገኛል። ታማሚው በራሱ ትንሽ የሚንቀሳቀስና ክብደቱ ቀለል ያለ ከሆነ ባለ ኪሱ ይበቃዋል። ጨርሶ ለማይነቃነቅ ወይም ለከባድ ሰው ግን ገንዘብ ጨምራችሁ ባለ ቱቦውን ግዙ፤ በስሱ ላይ መቀመጫው ታች ድረስ ይሰምጣል።

ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ የፓምፑን ጀርባ አንብቡ። ከ220 እስከ 240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ማለት አለበት፤ 110 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ እዚህ ሲሰካ ይቃጠላል። ቀጥሎ ፓምፑ ይሰካና አየር ወደ ፍራሹ የሚወስዱት ጎማዎች ሳይገጠሙ ሁለቱን የአየር መውጫዎች በጣት ድፈኑ። አንዱ ጣታችሁን ሲገፋ ሌላው ጸጥ ይላል፣ ቆይቶ ተራው ይዞራል። ሩብ ሰዓት ጠብቃችሁም ካልተቀያየሩ መቀያየሪያው አይሠራም ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ፍራሽ ተነፍቶ የሚቀር ፊኛ ነው። ሻጩ ቢቸኩልም ይህን ሳታዩ አትክፈሉ።

ቤት ሲደርስ የስፖንጁን ፍራሽ አውጥታችሁ አትጣሉ፤ የአየር ፍራሹ የሚነጠፈው በላዩ ላይ ነው። የራስጌና የግርጌ ክንፎቹን ከስፖንጁ ሥር አጥፋችሁ አስገቡ፣ ጎማዎቹ በግርጌ በኩል ሳይታጠፉ ይውጡ። ፓምፑ የአልጋው ግርጌ ላይ ይንጠልጠል እንጂ መሬት ላይ አይቀመጥ፤ የአዳማ ነፋስ የሚያመጣው አቧራ የአየር መሳቢያውን ይደፍነዋል። ታማሚው ፍራሹ ላይ ከመውጣቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ባዶውን ይነፋ።

የአየሩ መጠን ትክክል መሆኑን የሚነግራችሁ የፓምፑ ቁጥር ሳይሆን እጃችሁ ነው። መዳፋችሁን ወደ ላይ አድርጋችሁ በአየር ፍራሹና በስፖንጁ መካከል፣ ልክ በታማሚው መቀመጫ ሥር አስገቡና ከላይ ያለው ቱቦ እስኪተነፍስ ጠብቁ። አጥንቱ መዳፋችሁን ከተጫነ ፍራሹ ሰምጧል፤ ግፊቱን ጨምሩ። በእጃችሁና በሰውነቱ መካከል ሁለት ጣት የሚያህል አየር መቅረት አለበት። ራስጌው ሲነሣ ክብደቱ ሁሉ ወደ መቀመጫ ስለሚወርድ ያን ጊዜም ፈትሹ። ሰው የሚዘነጋው ይህኛውን ነው።

ከዚያ የአንሶላ ነገር አለ። ፕላስቲኩ አየር አያሳልፍም፤ በሙቀት ወራት ጀርባ በላብ ይረጥባል። ቤተሰብ ይህን አይቶ በፍቅር ጋቢ አጥፎ ያነጥፋል፣ በላዩ ብርድ ልብስ፣ በዚያ ላይ ላስቲክ፣ ላስቲኩ ላይ ዳይፐር። እንዲህ ከተደራረበ የቱቦዎቹ መነፋትና መተንፈስ ቆዳው ጋ አይደርስም፣ ፍራሹ ከተራ ፍራሽ አይሻልም። አንድ ስስ የጥጥ አንሶላ ላላ ተደርጎ ይነጠፍ፤ ካስፈለገ አንድ የሽንት መከላከያ ብቻ ይጨመር። አንሶላው በላብ ከረጠበ በላዩ ሌላ አይጨመርም፣ ይቀየራል።

መብራት ሲጠፋ ርካሹ ፓምፕ አየሩን በራሱ በኩል መልሶ ሊያስወጣ ይችላል። ጎማዎቹን ከፓምፑ ነቅላችሁ፣ መጋጠሚያ ካለው ሁለቱን አፎች እርስ በርስ ግጠሟቸው፤ አየሩ በቱቦዎቹ መካከል እኩል ይሆናል። መጋጠሚያ ከሌለው አጥፋችሁ በክር እሰሩ። መብራቱ እስኪመለስ ግን ፍራሹ መቀያየር አቁሟልና የሰውን እጅ የሚተካ ነገር የለም። ፓምፑንም ከሶኬት ንቀሉት፤ መብራት ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ብዙ ፓምፕ አቃጥሏል።

ሻጮች «ይህ ካለ ማገላበጥ አያስፈልግም» ሲሉ ይሰማል። ይህ አባባል ሰው ያቆስላል። ነርሶች የአልጋ ቁስል ሥጋትን የሚለኩበት፣ እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመው የብሬደን መመዘኛ ስድስት ነገር ይጠይቃል፦ ሕመም መሰማት፣ የቆዳ እርጥበት፣ ከአልጋ መውረድ፣ አልጋ ላይ መንቀሳቀስ፣ አመጋገብ፣ መፋተግና መንሸራተት። ሙሉው 23 ነጥብ ነው፤ 18ና ከዚያ በታች ያገኘ ሰው ለቁስል ተጋልጧል። ከስድስቱ ፍራሹ የሚያግዘው መንቀሳቀስ ለማይችለው ነው፣ እሱንም በከፊል። ሌላው በአስታማሚው እጅ ነው።

ስለዚህ ፍራሹ እያለም ታማሚው በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጥ። በጎን ሲተኛ ሙሉ በሙሉ ዳሌው አጥንት ላይ አይሁን፤ ጀርባው ላይ ትራስ ደግፋችሁ 30 ዲግሪ ያህል ብቻ አዘንብሉት። ወደ ራስጌ ሲሳብ በብብቱ አይጎተት፤ ከሥሩ የተነጠፈውን አንሶላ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ ያንሣው። ሲጎተት ቆዳው አንሶላው ላይ ይቀራል፣ አጥንቱ ይሄዳል፣ በመካከል ያሉ የደም ሥሮች ይቀደዳሉ። ራስጌውም ለረጅም ጊዜ ከ30 ዲግሪ በላይ አይቆይ፤ ሲመገብና ከተመገበ በኋላ እስከ አንድ ሰዓት ግን ትን እንዳይለው ቀና ይበል።

ተረከዝን የአየር ፍራሽ አያድነውም፤ ትንሽ ቦታ ላይ ሹል አጥንት ነው። ትራስ በቁመቱ ከባት ሥር ይግባ፣ ጉልበቱ ትንሽ ይታጠፍ፣ ተረከዙ አየር ላይ ይንሳፈፍ። ውኃ የተሞላ ጓንት ተረከዝ ሥር ማድረግ የተለመደ ነው፤ ተረከዙን ከጫና አያወጣውምና ይቅር። ክብ ቀለበት ትራስም ዙሪያውን እየተጫነ መሃሉን ደም ያሳጣዋል።

በታጠበ ቁጥር ወገብ ሥርን፣ ዳሌን፣ ተረከዝንና ቁርጭምጭሚትን እዩ። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ጎልቶ አይታይም፤ ስለዚህ በጣት ዳስሱ። ከአጠገቡ ካለው ቆዳ ይልቅ የሞቀ ወይም የቀዘቀዘ፣ የጠነከረ ወይም የላላ፣ ወይም ሲነካ የሚያም ቦታ ካለ ቁስሉ ከውስጥ ጀምሯል። ያንን ቦታ አትሹት፤ ማሸት ሥሩ ያለውን ሥጋ ይጎዳል። ከዚያ ጎን አንሥታችሁ አስተኙት፣ ለነርስም አሳዩ። አመጋገቡ ላይ አጥሚት ብቻ አይበቃም፦ ለ60 ኪሎ ሰው በቀን ከ75 እስከ 90 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፣ አንድ እንቁላል ደግሞ 6 ግራም ያህል ነው የሚሰጠው። የኩላሊት ሕመም ካለበት መጠኑን ሐኪሙ ይወስን። አከርካሪው ተሰብሮ ገና ያልጸና ሰውም ሐኪም ሳይፈቅድ እንዲህ ባለ ፍራሽ ላይ አይተኛ፤ የቱቦዎቹ መነሣትና መውረድ ስብራቱን ያነቃንቃል።

ፍራሹን የሚበሳው መርፌ ቁልፍ፣ ምላጭና የቡና ከሰል ፍንጣሪ ነው። ጎሚስታ ጋ አትውሰዱት፤ በእሳት የሚለጠፍ የጎማ ልጣፍ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። አብሮት የሚመጣውን ልጣፍ ወይም ለፒቪሲ (ፍራሹ ለተሠራበት ፕላስቲክ) የሚሆን ማጣበቂያ ተጠቀሙ፣ ቦታው ደርቆና ጸድቶ ይለጠፍ።

ፍራሹ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው በውሰት መሄዱ መልካም ነው፣ ሳይጸዳ ግን አይሂድ። በሳሙናና በውኃ ይታጠብ፤ ከዚያ 5 በመቶ በሆነ በረኪና አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጣችሁ ጥረጉት፣ 10 ደቂቃ ቆይቶ በንጹሕ ውኃ ይለቅለቅ። ፀሐይ ፕላስቲኩን ስለሚያደርቀው ጥላ ሥር ይሰጣ። ፓምፑ ከሶኬት ተነቅሎ እርጥበት ባለው ጨርቅ ብቻ ይወልወል፣ የአየር መሳቢያው አቧራም ይራገፍ። አዲሱ ታማሚ ከመተኛቱ በፊት ጤነኛ ሰው አንድ ሰዓት ተኝቶበት የመዳፉ ፍተሻ ይደረግለት።