የአሉሚኒየም ሳይክሌ የአዘዞን ዳገት እንዴት ቻለችው?

ይህችን ሳይክል የገዛኋት ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ከአዘዞ ጎንደር ፒያሳ የምመላለሰው በእሷ ነው። ዳገቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ጉልበት ይፈትናል። ግን ከድሮዋ የብረት ሳይክሌ በጣም ትቀላለች።

ኮርቻዋ አይረባም፤ የፍሬን ጎማዋም ቶሎ አለቀ። ፍሬሟ ግን ወይ ፍንክች! በኮብልስቶኑ ስትንገጫገጭ ከርማም ብየዳዎቿን ወልውዬ ሳያቸው የፀጉር ያህል ስንጥቅ የለም።

ፍሬሟ ላይ «6061 ቲ6» ይላል። 6061 ትንሽ ማግኒዥየምና ሲሊከን የገባበት አሉሚኒየም ነው። ቲ6 ደግሞ የሙቀት ሕክምናው ነው፦ በ530 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይግልና ወዲያው ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ከዚያ በ170 ገደማ ለሰዓታት ይቆያል። ያኔ ማግኒዥየሙና ሲሊከኑ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች ይሠራሉ። የአቶሞቹ ረድፍ ሊንሸራተት ሲል እነሱ ይይዙታል። ያልታከመው 6061 በ55 ሜጋፓስካል (የጫና መለኪያ ነው) ገደማ እጅ ሲሰጥ፣ ማለትም ላይመለስ ሲጣመም፣ ቲ6 እስከ 276 ገደማ ይችላል። አምስት እጥፍ! ቅይጥ አሉሚኒየም ከተነከረ በኋላ እያደር እንደሚጠነክር ያስተዋለው ጀርመናዊው አልፍሬድ ቪልም ነው፤ በ1906 እ.ኤ.አ.።

አንድ ቀን ባጃጅ ገፋ አደረገኝና ሳይክሏ በማርሿ በኩል ወደቀች። የኋላ ማርሹ የሚንጠለጠልባት ጆሮ ወደ ጎማው ተጣመመች። ጠጋኙ «በእሳት ሞቅ እናድርጋት፣ ትለሰልሳለች» አለ። መለስለሷን መች አጣሁት? ፈራሁት እንጂ፤ እሳቱ በሙቀት ሕክምና የመጣውን ጥንካሬ ያጠፋዋል። «ተው ወንድሜ፣ እንዲሁ እናቅናት» አልኩት። በመፍቻ ይዞ ቀስ እያለ መለሳት።

አሉሚኒየም በተጣመመና በተቃና ቁጥር ይደድራል። ፋብሪካዎች ቆርቆሮውን በቀዝቃዛው እየዳመጡ የሚያጠነክሩትም በዚሁ ነው። ግን በደደረ ቁጥር መተጣጠፍ ያቅተዋል፤ ሽቦ ስታመላልሱት እንደሚበጠሰው መጨረሻው ስንጥቅ ነው። ስለዚህ ያቺ ጆሮ ዳግም ከተጣመመች ትቀየራለች እንጂ አትቃናም። ደግነቱ በብሎን ነው የምትታሰረው። እዚህ ገበያ ስላጣኋት ከአዲስ አበባ ትርፍ አስመጥቻለሁ።

ፍሬም ሲሰነጠቅ ግን ሌላ ነው። በተበየደበት ዙሪያ ከሙቀቱ የተነሳ የቲ6 ጥንካሬው ይጠፋል። ለዚህ ነው አምራቾች ከበየዱ በኋላ ፍሬሙን እንዳለ መልሰው በሙቀት የሚያክሙት፤ የሰፈር ጋራዥ ደግሞ ያን ምድጃ ከየት ያመጣል? ያገለገለ የአሉሚኒየም ሳይክል ልትገዙ ከሆነ ቀለሙ ተልጦ አዲስ ብየዳ ያረፈበት ቦታ እንዳለ ፈትሹ። ካለ፣ ዋጋ እንኳ አትጠይቁ።