የደበዘዘ የመኪና መብራት፦ አዲስ አበባ ያሠራሁባቸው ሁለት ቦታዎች

ዘንድሮ ክረምቱን እህቴ ጋ ነው የከረምኩት። ከሜሪላንድ ስመጣ መኪና ልከራይ አስቤ ነበር። እሷ ግን «ቪትዟ ቆማ ምን ኪራይ አመጣው?» ብላ ቁልፉን ሰጠችኝ። በመጀመሪያው ማታ፣ በዝናብ፣ ከሲኤምሲ ወደ መገናኛ ስነዳ መንገዱ አልታይ አለኝ። መብራቱ በርቷል፤ ብርሃኑ ግን ከመኪናዋ አፍንጫ ብዙም አይርቅም። ጠዋት ሳየው ሁለቱም የፊት መብራቶች ቢጫ ለብሰዋል። እህቴ ነርስ ናት፤ ከማታ ፈረቃ የምትመለሰው በዚህ ነው። በጣም ደነገጥኩ።

መጀመሪያ የሄድኩት አንድ ላቫጆ ነው። በጥርስ ሳሙና ፈትገው 200 ብር ተቀበሉኝ። ለጊዜው አበራ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ወደ ነበረበት ተመለሰ። የመብራቱ ፊት መስታወት ይምሰል እንጂ ፕላስቲክ ነው፤ ፖሊካርቦኔት ይባላል። ከፋብሪካ ሲወጣ ፀሐይ የሚከላከልለት ስስ ሽፋን አለው። 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ፀሐይ ያንን ሽፋን ትበላዋለች። የጥርስ ሳሙና ላዩን ይወለውላል እንጂ ሽፋኑን አይመልስም።

ሁለተኛው ሶማሌ ተራ ነው፤ መንገድ ዳር የሚሠሩ ሁለት ወጣቶች። እነዚህን ከልቤ እመክራለሁ። መጀመሪያ ዙሪያውን ቀለሙ እንዳይጫር በፕላስተር ሸፈኑ። ከዚያ ውሃ እያፈሰሱ በ800 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀመሩ። የሚወርደው ውሃ ቢጫ ወተት ይመስል ነበር። ቸኩዬ አንዱን «አልበቃም?» አልኩት። «ጋሼ፣ ውሃው ነጭ ሳይሆን ወረቀት አይቀየርም» አለኝ። ቀጥሎ ይበልጥ የላሙት 1500 እና 2000፣ ከዚያ ፖሊሽ። መጨረሻ ላይ ፀሐይ የሚከላከል ክሊር፣ ማለትም ቀለም አልባ ቫርኒሽ፣ ነፉበት። ቁልፉ ይሄ ነው። ክሊር የማይነፋ ሰው መብራታችሁን እንዲፈትግ አትፍቀዱ፤ የቀረችውን ሽፋንም ገፎ ነው የሚሰዳችሁ። ለሁለቱም የፊት መብራቶች 1,500 ብር ከፈልኩ። ክሊሩ ሳይደርቅም አላስነሱኝም።

ቅር ያለኝ ያለ ማስክ መንፋታቸው ነው። ሳንባቸው ያሳዝናል። በማግስቱ ገዝቼ ወሰድኩላቸው።

የኋላውን መብራትና ፍሬቻውን በፖሊሽ ብቻ አለፉት፤ እንደ ፊቱ አልተጎዳም ነበር። ጭጋጉ ከውስጥ ከሆነ ግን መፈተግ ዋጋ የለውም። ውሃ የሚያስገባው ክፍተት መደፈን አለበት።

ያን ማታ እህቴ ራሷ ነዳች። ሰፈር ስንደርስ ፍጥነት ቀነሰችና «ይሄ የመንገድ ጠርዝ ቀለም ተቀብቶ ነበር እንዴ?» አለችኝ።